ባቡር ያልመጣበት ማሳ

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በባቡር ጣቢያ ነው፤ የተወለደው ግን ባቡር ደርሶበት በማያውቅ አገር፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ፣ በመምህርነት ተመድቤ እንጅባራ የገባሁት ከእሱ ቀድሜ ነው። እሱ ጡረታ ወጥቶ "አገሬ ልግባ" ባለ ጊዜ እናቴ ብርዱን አልችልም ብላ ከእህቴ ጋር እዚያው ቀረች። በዓመት አንድ ጊዜ ትመጣና ሁለት ጋቢ ደርባ፣ "ይኼ አገር የተሠራው ለሰው ነው ለድንች?" እያለች ትመለሳለች።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ አባቴን አንተ ነው የምለው። ድሬዳዋ ላይ አባትን አንቱ ካሉ ተኳርፈዋል ማለት ነው። እንጅባራ ላይ ግን ይኼ ልማዴ ብዙ አሳምቶኛል። የአባቴን ታናሽ ወንድም፣ አጎቴን፣ እንደ አገሩ ወግ አንቱ እላቸዋለሁ። ስለዚህ ታላቁን አንተ፣ ታናሹን አንቱ ስል ብገኝ ባለጌ ናት አትበሉኝ፤ ሁለት አገር ያሳደገኝ ሰው ነኝ።

አባቴ በወጣትነቱ ከቤት የወጣው ከአባቱ ጋር በአንድ ፈረስ ምክንያት ተጣልቶ ነው። ፈረሱን ሳያስፈቅድ ለጉግስ ወስዶ እግሩን ሰብሮ መለሰው። በአዊ አገር የሰው ፈረስ መስበር ቀላል ነገር አይደለም፤ ያባት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አያቴ በንዴት "ከዚህ ቤት ውጣ" አሉት፤ እሱም ቃላቸውን እንዳለ ተቀብሎ ወጣ። ሁለቱም ቁጣው እስኪበርድ መስሏቸው ነበር። ቤቱና መሬቱ ለታናሹ ቀረ፤ አባቴ አዲስ አበባ ገብቶ ለገሃር ላይ በዕቃ ጫኝነት ተቀጠረ።

ያኔ የምድር ባቡሩ የፈረንሳዮች እጅ ያለበት ኩባንያ ነበር። መዝገቡ በፈረንሳይኛ፣ ትእዛዙ በፈረንሳይኛ፣ ስድቡ ሳይቀር በፈረንሳይኛ ነበር ይላል አባቴ። ከዕቃ ጫኝነት ወደ ትኬት ቆራጭነት፣ ከዚያም በቆላው መሐል ወዳለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሹምነት እስኪደርስ መንግሥት ተለወጠ፤ ድርጅቱም የሁለት መንግሥታት፣ የእኛና የጅቡቲ ሆነ። ጦርነት መጥቶ ድልድይ ሲፈርስ፣ ድልድዩ ተጠግኖ ባቡሩ እንደገና ሲያልፍ አይቷል። ሊቶሪና የምትባለዋ ፈጣን ባቡር ስትመጣ ልጆች ሆነን እየሮጥን እጃችንን እናውለበልብላት እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ። ኋላ ባቡሮቹ አረጁ። የአንዱ ዕቃ እየተፈታ ለሌላው ይገጠም ጀመር። በየቀኑ ይመጣ የነበረው በሳምንት፣ በሳምንት ይመጣ የነበረው ሲገኝ ሆነ፤ በመጨረሻ ጨርሶ ቀረ።

አባቴ ባቡር ቀርቶ እንኳ ጣቢያውን በየማለዳው ይከፍት ነበር። የመንገደኞቹን አግዳሚ ወንበር ይጠርጋል፤ ስልኩን አንሥቶ የሚቀጥለውን ጣቢያ ይጠራል፤ የሚመልስለት ካገኘ "ዛሬም የለም" ተባብለው ይዘጋሉ። እናቴ "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ትለዋለች። እሱ በተረት አይቀየምም፤ "ታዲያ ባልበላበት ይጩህ?" ይላታል። ኋላ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተሠርቶ በሌላ በኩል፣ ከእሱ ጣቢያ ርቆ አለፈ። አባቴም ቁልፉን አስረከበ። ያን ዕለት ለምሳ ቤት ሲገባ ምግቡን እንደ ወትሮው ጨርሶ በላ ትላለች እናቴ።

ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዞት የመጣው አንድ ልማድ ነበር። የድሮው ሐዲድ አንድ ነው፤ ባቡር የሚመጣው ግን ከሁለቱም ወገን ነው። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ባቡር ከመልቀቁ በፊት ለሚቀጥለው ጣቢያ ይደውላል። ያኛው "ሐዲዱ ባዶ ነው፣ ላክ" ሲለው፣ ይኼኛው ያንኑ ቃል አንዲት ሳያጎድል መልሶ ይናገራል፣ ሰዓቱን ይጽፋል፤ ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ ወዲያ ነው። በመሥሪያ ቤታቸው ትልቁ ነውር ስካር አልነበረም፤ ያልተባለን ተባለ ማለት ነበር። ይኼ ልማድ ቤታችንም ገባ። እናቴ "ሽንኩርት ይዘህ ና" ስትለው "ሽንኩርት ይዘህ ና" ብሎ ደግሞ ነው የሚወጣው። እንጅባራ ከመጣ ወዲህም የባጃጅ ሾፌሮች ሒሳብ ሲነግሩት ቃላቸውን ሲደግምባቸው፣ የተከራከራቸው እየመሰላቸው ስንቶቹ ቀንሰውለታል።

አንድ ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ቀያሾች መጡ። በአጎቴ ማሳ ላይ ሦስት እግር ያለው መሣሪያቸውን አቁመው፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል እየቸከሉ ነው የሚል ወሬ ከተማ ደረሰ። የባቡር መንገድ ነው ተባለ። እኔ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነበር። አባቴ ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን ወለወለ፣ "ተነሽ" አለኝ። ባጃጅ ይዘን ሄድን። አጎቴ ያን ዕለት ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ ገበያ ስለነበሩ ቀያሾቹን ያገኘናቸው እኛ ብቻ ነን።

ከቀያሾቹ አንዱ፣ ትናንት ከተማሪዎቼ መሐል የወጣ የሚመስል ልጅ፣ አባቴን በአክብሮት ተቀበለው። አባቴ ስለ ሐዲዱ ስፋት ጠየቀ፤ ስለ ዳገቱ ጠየቀ፤ ጣቢያው የት እንደሚሆን ጠየቀ። ልጁ የሚያውቀውን ሁሉ ከመለሰለት በኋላ እንዲህ አለው።

"አባባ፣ ይኼ ጥናት ብቻ ነው። በዚህ ይምጣ በሌላ፣ ጨርሶም ይምጣ አይምጣ አልተወሰነም። ባለ መሬቱ እርሻቸውን እንዳይተዉ እርስዎ ይንገሩልን።"

አባቴ የልጁን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ከዚያ በፊት ያየሁት እህቴ ስትዳር ብቻ ነው። ቃሉን ግን መልሶ አልተናገረም። ይናገራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተናገረም፤ እኔም ዝም አልኩ። በዚያች ቅጽበት "አባዬ፣ ሰማኸው?" ብለው ምን ነበረበት? ዛሬም ድረስ ራሴን የምወቅስበት ነገር ነው።

አጎቴ ያን ማሳ ለዲከረንስ እያዘጋጁት ነበር። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በእኛ አካባቢ ያልተከለ የለም። በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፣ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ያረፈበት አፈር ደግሞ አገግሞ ጤፍና ድንች ያበቅላል። የአጎቴ ማሳ ኮምጥጦ ገብስ እንኳ እምቢ ካለ ቆይቷል። ተስፋቸው ያ ዛፍ ነበር፤ ለሚመጣው ክረምት ችግኝ ማፍላት ጀምረዋል።

ከገበያ ሲመለሱ አባቴ ደጃቸው ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ባቡር ሊመጣ ነው፣ ባንተ መሬት ነው የሚያልፈው አላቸው። ሐዲድ ባለበት በግራም በቀኝም የቆመ ነገር አይኖርምና ዛፍ እንዳይተክሉ አዘዛቸው። አዎ፣ አዘዛቸው ነው የምለው፤ ድምፁ የጣቢያ ሹም ድምፅ ነበር። ታላቅ ወንድም ነው። ባቡርን በዓይኑ ያየ፣ ከባቡር ጋር የኖረ ሰው ደግሞ በዚያ መንደር ከእሱ ሌላ የለም። አጎቴ አመኑት። ችግኛቸውንም ለጎረቤታቸው ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ እንደገና ሥራ የገባ ሆነ። በየማለዳው ከቤቴ ይነሣና በእግሩ ማሳው ድረስ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ችካል እስከ መጨረሻው፣ አንድ በአንድ እያየ ይመላለሳል። በሬ የጣለውን ያቃናል፣ የበቀለ ቁጥቋጦ ይነቅላል፣ ጥጃ ቢያገኝ ያባርራል። የመንደሩ ሰው "ሹም" የሚል ስም አወጣለት። "ሹም፣ ባቡሩ ዛሬ ስንት ሰዓት ይገባል?" ይሉታል። "ዘግይቷል" ይላል እሱ፣ ሳይስቅ። ከኋላው ደግሞ "ባቡር አለኝ በሰማይ" እያሉ ይሳሳቁበታል። እኔ እናደድ ነበር፤ በሚስቁት ሳይሆን በእሱ። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ አስይዤ ስልከው፣ ራሴን የዚያ ማታለል ተባባሪ አድርጌ አየው ነበር።

ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። ዙሪያው ሁሉ ዲከረንስ ሆነ። በመሐል የአጎቴ ማሳ ብቻ ሣር ለብሶ፣ ፈረሳቸው እየጋጠበት ተኛ። በአምስተኛው ዓመት ጎረቤቶች ቆረጡ። ችግኙን የተቀበሉት ጎረቤት አዲስ ቤት ሠሩ፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ከአጎቴ በር ላይ ይታያል። አጎቴ አንድም ቀን አላማረሩም። ለአባቴ አማርኛ መናገር ግን ተዉ። ሁለታችንም ስንመጣ ለእኔ በአማርኛ፣ ለእሱ በአዊኛ ብቻ ሆነ። የአባቴ አዊኛ ደግሞ ከተወለደበት ቤት ሲወጣ አብሮት የወጣ፣ በመንገድ ላይ በሶማልኛና በኦሮምኛ የተቀየረ ነው። ግማሹ ይገባዋል፣ ግማሹ ያመልጠዋል፤ የሚመልሰው በአማርኛ ነው። ለበዓልና ለለቅሶ ካልሆነ ቤታቸው መግባትም እየቀረ ሄደ።

ከዚያ በሽታው መጣ። መጀመሪያ የዛፉ ቅጠል ዝገት የነካው መሰለ፤ ኋላ ተጨማተረ፤ ኋላ ቆሞ ደረቀ። ሁለተኛ ዙር የተከሉ ሁሉ አለቀሱ። ከዳንግላ ወዲህ ስንመጣ በሚኒባሱ መስኮት የሚታየው ቡናማ ሆነ። የአጎቴ ማሳ ብቻ አረንጓዴ ሣሩን ለብሶ ቀረ። ያን ጊዜ የሰዉ አፍ ተገለበጠ። "ሳይደግስ አይጣላም" አሉ። ሹም ዐውቆ ነው ወንድሙን ዛፍ ያስተዋቸው፣ የተማረ ሰው አርቆ ያያል አሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲቀልዱበት የነበሩት ሰዎች ከመቀመጫቸው እየተነሡ ቦታ ይለቁለት ጀመር። አጎቴም አንድ ቀን መንገድ ላይ ትከሻውን ያዝ አድርገው ሰላም አሉት።

እኔ እፎይ ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በደስታ ነው የተኛሁት። በራሱ ጊዜ ተስተካከለ፣ ማን ያስታውሳል አልኩ።

አባቴ ግን ማሳው መሄድ አቆመ። ማለዳ ይነሣል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ ደጅ ላይ ይቀመጣል። ምግብ ቀነሰ። ያመመው መስሎኝ ጤና ጣቢያ ልወስደው ብል እምቢ አለኝ። በሳምንቱ ግድም፣ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ጠራኝ።

"ያ ቀያሽ ልጅ ምን ነበር ያለኝ?"

የረሳሁ ልመስል አሰብኩ። ዓይኑን ሳይ አልቻልኩም። ጥናት ብቻ ነው፣ ይምጣ አይምጣ አልተወሰነም፣ እርሻቸውን እንዳይተዉ ይንገሩልን ብሎህ ነበር አልኩት።

"ሰምተሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ደስ ብሎህ ነበር" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንዲት ቃል አሳስቶ አስተላልፎ እንደማያውቅ፣ አሁን ግን እሱ ባጠፋው ጥፋት ሰዉ እያመሰገነው እንደሆነና ይኼን ምስጋና ተሸክሞ መሞት እንደማይፈልግ ነገረኝ። "የበሽታውን ነገር ምኑን ዐውቄ" አለ። ነገ ወደ ወንድሜ ውሰጂኝ አለኝ።

በማግሥቱ ሄድን። ባጃጅ እንያዝ ብለው እምቢ ብሎ በእግሩ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አጎቴ ደጃቸው ላይ የፈረስ ዕቃ፣ መጣብር፣ እየጠገኑ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ቤቱን የምትይዘው ትንሿ ልጃቸው ናት። ወንበር አወጣችልን። አባቴ አልቀመጥም አለ። ኮቱን ቆልፎ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ቀያሹ ልጅ ላንተ የላከውን ቃል አጉድዬ ነው የነገርኩህ" አለ። "ጥናት ብቻ ነው፣ እርሻውን አይተው ብሎ ነበር። እኔ ባቡር ሊመጣ ነው አልኩህ። ሰዉ ዐውቆ ነው የሚለው ውሸት ነው። ያንተን ዛፍ የከለከልኩት ለራሴ ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።"

አጎቴ መጣብሩን ከጉልበታቸው ላይ አነሡና መሬት ላይ አስቀመጡት። በአዊኛ የሚናገሩት መስሎኝ አባቴ ባይገባው ማን ያስተረጉምለታል ብዬ ተጨነቅሁ፤ እኔም ከእሱ የተሻለ አልችልም። አጎቴ ግን ከስንት ዓመት በኋላ በአማርኛ መለሱለት።

"ዐውቃለሁ" አሉት።

አባቴ አልገባውም። ምኑን ነው የምታውቀው አላቸው።

"በሁለተኛው ዓመት ቀበሌ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ጥናት ነው፣ ደስ ያለህን ትከል አሉኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተከልክም?"

አጎቴ ወደ ማሳው ተመለከቱ። ሊተክሉ ተነሥተው እንደነበር ተናገሩ። ጉድጓድ ሳይቀር ሊያስቆፍሩ ሰው አነጋግረው ነበር። የከለከሏቸው ሚስታቸው ናቸው።

"ዛፍ ከሞላበት ወንድምህ በምን ምክንያት ይመጣል አለችኝ" አሉ። "አርባ ዓመት ያጣኸው ሰው በየማለዳው በደጅህ ሲያልፍ ታየዋለህ፣ ተወው ይመላለስበት አለች። እውነቷን ነው ብዬ ተውኩት። ዛፉ አልቆጨኝም ብልህ ውሸት ነው፤ የጎረቤቴ ቆርቆሮ ዓይኔን ወግቶኛል። ግን አንድ ቀን ጎራ ትላለህ ብዬ ነበር። ችካልህን ታያለህ፣ ትመለሳለህ። እሷ እስክትሞት ድረስ በየማለዳው ለአንድ ሰው የሚሆን ድንች አትርፋ ትቀቅል ነበር።"

አባቴ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። እኔ ወዴት እንደማይ ጨነቀኝ፤ የአጎቴ ልጅ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች።

"ለምን አልጠራችሁኝም?" አለ አባቴ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። "አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠራችሁኝም?"

አጎቴ ጥያቄው የገረማቸው ይመስላሉ።

"ሥራ ላይ ያለ ሰው ይጠራል እንዴ?" አሉት።